ሞድ ኤረር ሲባል ምን ማለት ነው?

የይለፍ ቃልዎን በትክክል ጽፈው ኮምፒውተሩ «ስህተት ነው» ቢልዎት ካፕስ ሎክ በርቶ ሊሆን ይችላል። ሞድ ኤረር ይኸው ነው። ሰውየው ማሽኑ አንድ ሁኔታ ላይ ነው ብሎ ሲያስብ፣ ማሽኑ ሌላ ሁኔታ ላይ ይገኛል።

ሆስፒታል ውስጥ ሲሆን ግን ቀልድ የለም። በ2013 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ለአንድ የ16 ዓመት ልጅ ሴፕትራ የተባለ አንቲባዮቲክ ታዘዘለት። የታሰበው 160 ሚሊግራም፣ ማለትም አንድ ክኒን ነበር። ልጁ ከ40 ኪሎ በታች ስለሆነ ግን ሲስተሙ መጠኑን የሚቀበለው በክብደት ነው። ስክሪኑ ላይ የነበረው መለኪያ «ሚሊግራም» ሳይሆን «ሚሊግራም በኪሎግራም» ነበር። ሐኪሟ 160 ብላ አስገባች። ኮምፒውተሩ በ38.6 ኪሎ አባዛው። ወጣ እንግዲህ፦ 38 ተኩል ክኒን!

ማስጠንቀቂያ አልነበረም? ነበር እንጂ። ለሐኪሟም ለፋርማሲስቱም ብቅ ብሏል። ሁለቱም አለፉት፤ በየቀኑ የማይረባ ማስጠንቀቂያ ሲዘንብባቸው ይውላላ። የፋርማሲው ሮቦት ክኒኖቹን አሸገ። ነርሷ ባርኮዱን ስታስነብብም ሲስተሙ ከትእዛዙ ጋር ይገጥማል አላት። ልጁ ሁሉንም ዋጠ፣ ሰውነቱ በኃይል ተንቀጠቀጠ፣ ደግነቱ ተረፈ።

«ምነው ልብ ቢሉ?» ማለት ይቀላል። እኔ ግን ጥፋቱን በብዛት የማየው ስክሪኑ ላይ ነው። መጠኑ በጥቂቱ ሲያልፍም ሆነ 38 እጥፍ ሲሆን፣ የሚወጣው ማስጠንቀቂያ መልኩ አንድ ዓይነት ነበር።