«ተሰጥኦ የለኝም መሰለኝ»፦ ስለ ዲዛይን ትምህርት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዲዛይን የሚማር ሰው የመጀመሪያው ከባድ ፕሮጀክት ሲገጥመው አንድ ጥያቄ ይይዘዋል። «እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም ይሆን?» ይላል። ሐሳብ አልመጣ ይለዋል። የሠራውም አያረካውም። አጠገቡ ያለው ልጅ ደግሞ የጨረሰ ይመስለዋል። ጥያቄውን የሚያባብሱት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህም ከዚያም የሰማቸው አባባሎች ናቸው። ጎበዝ ልጆችን ተስፋ የሚያስቆርጡ ስለሆኑ አንድ በአንድ ማንሳት ይገባል።

«ተሰጥኦ ያለው ሰው አይቸገርም»

ከሁሉም የባሰው ይሄ ነው። ከባድ ፕሮጀክት የሚሰጠው ጎበዙን ከሰነፉ ለመለየት አይደለም። እጃችን የለመደውን መልስ ለመከልከል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1919 ጀርመን ውስጥ የተከፈተውን ባውሃውስ የተባለ የዲዛይን ትምህርት ቤት ውሰዱ። መምህሩ ጆሴፍ አልበርስ ጋዜጣ ተሸክሞ ክፍል ይገባል። ለተማሪዎቹ ያድልና «አሁን ከያዛችሁት የበለጠ ነገር አድርጉት፣ ወረቀቱን ግን አታባክኑ» ብሏቸው ይወጣል። ሲመለስ ጭምብሉ፣ አውሮፕላኑ፣ እንስሳው፣ ግንቡ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። አልበርስ ግን አልተደነቀም። እነዚህ ከሌላ ነገርም ሊሠሩ ይችሉ ነበር አለ። ያነሳው አንድ ተማሪ በቁመቱ አጥፎ ያቆመውን ጋዜጣ ነው። ሌላ ምንም አልተጨመረበትም። ልፍስፍሱ ወረቀት በመታጠፉ ብቻ ጠንክሮ በቀጭን ጠርዙ ቆሟል። ጠረጴዛ ላይ ሲተኛ አንድ ገጹ ብቻ ይታይ የነበረው አሁን ሁለቱም ይታያል።

ግንብ የሠሩት ልጆች ሰነፎች አልነበሩም። ቀድመው የሚያውቁትን ምስል ወረቀቱ ላይ ጫኑበት እንጂ ወረቀቱ ራሱ ምን እንደሚችል አልጠየቁም። ተማሪ የሚጨነቀው የሚያውቀው ምስል አልበቃ ሲል፣ አዲሱም ገና ሳይመጣ ነው። ያ ጊዜ ደስ አይልም። ግን የችሎታ ማነስ ምልክት አይደለም፤ ፕሮጀክቱ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው።

«ጥሩ ሐሳብ ድንገት ነው የሚመጣው»

ሦስት ቀስቶች እየተከታተሉ የሚዞሩበትን የሪሳይክሊንግ ምልክት የማያውቅ የለም። የሠራው ጋሪ አንደርሰን የሚባል የ23 ዓመት ተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ የካርቶን አምራች ኩባንያ ባዘጋጀው ውድድር አሸነፈበት። ምልክቱን ለመንደፍ የፈጀበት አንድ ሁለት ቀን ነው። «አየህ፣ ድንገት ነው!» የሚል አይጠፋም። አንደርሰን ግን ከዚያ በፊት ቆሻሻ ውሃ ተመልሶ ጥቅም ላይ ሲውል ጉዞው ምን እንደሚመስል በቀስት የሚያሳይ ሥራ ለትምህርቱ አቅርቦ ነበር። ውድድሩ ሲመጣ ከባዶ አልተነሳም። ያኔ የለፋበት ሐሳብ እጁ ላይ ነበር።

ስለዚህ ቁጭ ብሎ መነሳሳት መጠበቅ አያዋጣም። መጥፎም ቢሆን ይነደፍ። አሥረኛው ንድፍ ከመጀመሪያው የሚለየው እጅ ስለፈጠነ ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ሰው የሚያስባቸው መልሶች ቀድመው ተሟጠው ስለሚያልቁም ነው።

«ገደብ ፈጠራን ይገድላል»

«ነፃነት ቢሰጠኝ ጉድ እሠራ ነበር» የሚል ተማሪ ብዙ ነው። የፈለግከውን ሥራ ሲባል ግን ባዶ ወረቀት ላይ አፍጥጦ የሚውለው እሱ ራሱ ነው። ዲዛይነሯ ሱዛን ኬር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለአፕል ኩባንያ ማኪንቶሽ ኮምፒውተር አይከኖቹን፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ የሚታዩትን ትንንሽ ምስሎች፣ ስትሠራ የተሰጣት ቦታ 32 በ32 ነጥብ ነበር። በድምሩ 1,024 ነጥብ፣ እያንዳንዱ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ። አራት ማዕዘን ሠንጠረዥ ያለበት ደብተር ገዝታ ነጥቦቹን አንድ በአንድ እየሞላች ሞከረች። ፈገግ የሚለው ኮምፒውተርም የቆሻሻ መጣያውም ከዚያ ወጡ። ቦታው ጠባብ ስለነበር የማያስፈልግ ነገር ሁሉ መውጣት ነበረበት። ሁለት ቀለምና አንድ ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ብቻ ተጠቀሙ የሚል ፕሮጀክት ሲደርሳችሁ አታማርሩ።

«ትችት ማለት ሥራዬ አልተወደደም ማለት ነው»

እዚህ ላይ ብዙ ልጅ ይጎዳል። ሥራው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሰው ሲናገርበት ልብ ይመታል፤ ይሄ ለማንም ያው ነው። ግን የሚባለውን ለይቶ መስማት ይቻላል።

አንድ ተማሪ የኮንሰርት ፖስተር ለጥፏል እንበል። ቀለሙ ያምራል፣ የዘፋኟ ፎቶ ግሩም ነው። አንዷ የክፍሉ ልጅ «ፕሮግራሙ መቼ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ተማሪው ቶሎ ይነሳና ወደ ታችኛው ጥግ እየጠቆመ «ይኸው ተጽፏል» ይላል። መጠቆም ማስፈለጉ ራሱ መልስ ነው። ፖስተሩ ጎዳና ላይ ሲለጠፍ የሚጠቁም ሰው አጠገቡ አይቆምም። ልጅቷ ፖስተሩ አስጠላኝ አላለችም። ቀኑ ያልታየው ፎቶው ዓይንን ስለያዘ፣ ፊደሉ ስላነሰና ቀለሙ ከጀርባው ጋር ስለተመሳሰለ ነው። ሦስቱም በአንድ ከሰዓት ይስተካከላሉ።

የእኔ ምክር ይሄ ነው፦ ሲተቹባችሁ አትከራከሩ፣ ጻፉ። «እንዴት ነው?» ብላችሁም አትጠይቁ፤ «አሪፍ ነው» ከሚል መልስ በላይ አታገኙም። «መጀመሪያ ዓይንህ የት አረፈ? ምን ገባህ?» በሉ።

«ፎቶሾፕ የቻለ ዲዛይነር ነው»

አይደለም። እንደ ፎቶሾፕ ያለ የምስል ማቀነባበሪያ ሶፍትዌር በየዓመቱ ይቀየራል፤ ለማን እንደምትሠሩና ምን ቀድሞ መታየት እንዳለበት የመወሰን ችሎታ ግን አብሯችሁ ይቆያል።

«ዝቅ ያለ ውጤት ያመጣ ሥራ የትም አይደርስም»

ማያ ሊን አሜሪካ ውስጥ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች ለክፍል ሥራ በቬትናም ጦርነት ለዘመቱ አሜሪካውያን መታሰቢያ ነደፈች፤ መሬት ውስጥ የሚገባ ጥቁር ግድግዳ፣ ላዩ ላይ የሟቾቹ ስም። መምህሯ ቢ ሰጣት። ያንኑ ንድፍ ለብሔራዊ ውድድር አስገባች። የተወዳዳሪዎቹ ስም ተሸፍኖ ከቀረቡት 1,421 ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ1981 አሸነፈ። ገና 21 ዓመቷ ነበር። ከዚያ በኋላም ብርቱ ተቃውሞ ገጠማትና ባለሥልጣናት ፊት ቀርባ ስለ ሥራዋ ተከራከረች። መታሰቢያው በ1982 ዋሽንግተን ውስጥ ተመረቀ።

«ፖርትፎሊዮ ውስጥ የሚገባው ያማረው ሥራ ብቻ ነው»

ፖርትፎሊዮ ሥራችሁን ለቀጣሪ የምታሳዩበት ስብስብ ነው። ቀጣሪ የተጠናቀቀ ምስል ብቻ ሲያይ አስተሳሰባችሁን ማወቅ ይቸግረዋል። ካስቸገሯችሁ ፕሮጀክቶች አንዱን ምረጡና ጥያቄው ምን እንደነበር በሁለት መስመር ጻፉ። የተጣሉትን ሁለት ሦስት ንድፎች ለምን እንደተጣሉ አብራርታችሁ አስገቡ። የመጨረሻው ሥራ ከእነሱ ቀጥሎ ይምጣ። ስልካችሁ ላይ አንስታችሁ ያስቀመጣችሁት የእርሳስ ንድፍ ካለም አትሰርዙት፣ እሱም ይግባ።