ነጠላው ሳይቃጠል ፊቱ ሳይጠቁር፦ በዲጂታል ሲኒማ ካሜራ ኤክስፖዠር እንዴት ይለካል

ጠይም ሰው ነጠላ ለብሶ ቀትር ላይ ፀሀይ መሃል ቆሞ ስትቀርፁት ካሜራውን ሁለት ከባድ ነገር ባንዴ እየጠየቃችሁት ነው፣ ነጩ ዝርዝሩ ጠፍቶ እንዳይቃጠል፣ ፊቱም እንዳይጠቁር። ካሜራው ምን ያህል ብርሃን ይቀበል ብሎ መወሰን ነው ኤክስፖዠር የሚባለው። ነጭ ጨርቅ ካረፈበት ብርሃን 90 በመቶ አካባቢ ይመልሳል፣ የጠይም ሰው ፊት ግን ብዙ ጊዜ ከ18 በመቶ በታች ነው። 18 በመቶ ከየት መጣ ካላችሁ ደሞ የካሜራው አለም መሃል ብሎ የሚይዘው ግራጫ እሱ ነው። ከግራጫው እስከ ነጩ 5 እጥፍ ማለት 2 ስቶፕ ከሲሶ ገደማ ነው። አንድ ስቶፕ ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ወይ በግማሽ ሲቀንስ ነው፣ ሌላ ሚስጥር የለውም።

ብርሃኑን የምንቆጣጠረው በአፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ በሻተር (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) እና በኤንዲ ፊልተር (ሌንሱ ላይ የሚደረግ ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት) ነው፣ አይኤስኦን፣ ማለትም የካሜራውን የብርሃን ስሜት ቁጥር፣ ለብቻው እመለስበታለሁ። ሻተር በሲኒማ ካሜራ በዲግሪ ይለካል፣ በፊልም ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ ስለነበረ። የተለመደው 180 ዲግሪ ነው፣ በሰከንድ 24 ፍሬም ላይ 1/48 ሰከንድ ይመጣል። እዚጋ የኛ ሀገር ሰው አንድ ነገር ይወቅ፣ የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ነው ብልጭ የሚለው፣ ስለዚ አዳራሽ ውስጥ ርካሽ ኤልኢዲ ካለ 24 ፍሬም በ180 ዲግሪ ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀስ ጥላ ያመጣል። መፍትሄው 25 ፍሬም መቅረፅ ነው፣ ወይ የግድ 24 ካላችሁ ሻተሩን 172.8 ማድረግ፣ ያኔ 1/50 ይሆናል። አሜሪካ 60 ኸርዝ ስለሆነ የዩቲዩብ አስተማሪዎቹ ይሄን አያነሱትም።

አፐርቸር ላይ የፎቶ ሌንስ ኤፍ ሲል የሲኒማ ሌንስ ቲ ይላል። ኤፍ በስሌት ነው፣ ቲ ግን መስታወቱ ውስጥ የሚባክነው ተቀንሶ በርግጥ ያለፈው ብርሃን ነው፣ ሌንስ ስትቀይሩ ብርሃኑ እንዳይዘል የሚጠቅመው እሱ ነው።

ኤንዲ ለምን እንደሚያስፈልግ ሂሳቡን ብቻ እዩት። ጥርት ያለ ፀሀይ ላይ የድሮው ህግ ኤፍ 16፣ ሻተር 1 ሲካፈል ለአይኤስኦው ይላል። አይኤስኦ 800 ከሆነ 1/800 ማለት ነው፣ እኛ ግን 1/50 ላይ ነን፣ ይሄ ብቻ 4 ስቶፕ ትርፍ ነው፣ ከጀርባ ያለው እንዲደበዝዝ ኤፍ 2.8 ከፈለግን ደሞ ሌላ 5 ይጨመራል። 9 ስቶፕ! ኤንዲ ላይ 0.3 አንድ ስቶፕ ስለሆነ 2.7 መሆን አለበት። እንደዚ ሲወፍር ተራ ኤንዲ የሚታየውን ብርሃን ይዞ በአይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ ያሳልፈዋል፣ ጥቁር ሱፍ ቡና አይነት ይሆንላችኋል፣ ስለዚ ኢንፍራሬዱንም የሚይዝ አይአር ኤንዲ ነው የሚገዛው።

አሁን አይኤስኦ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚ ነው። 2010 ላይ የወጣውን አሪ አሌክሳን ብንወስድ መነሻው 800 ነው፣ ሮው (ያልተቀነባበረ ጥሬ ምስል) ስትቀርፁ ቁጥሩን ብትቀይሩ ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር የሚይዘው አይቀየርም፣ የሚቀየረው ሞኒተሩ ላይ የምታዩትና በዛ ተመርታችሁ የምትከፍቱት አፐርቸር ነው። 400 ካላችሁት ምስሉ ስለሚጨልም አንድ ስቶፕ ትከፍታላችሁ፣ ጥላው ንፁህ ይሆናል ግን ነጩ ጋ አንድ ስቶፕ ቦታ አጣችሁ። 1600 ካላችሁት ተቃራኒው። ማለትም ሰዉ ፀሀይ ላይ "ነጩን ላድን" ብሎ አይኤስኦ ሲያወርድ በገዛ እጁ እያቃጠለው ነው። ሁለት መነሻ ያላቸው ካሜራዎች ግን ሌላ ናቸው፣ ሶኒ ቬኒስ 500 እና 2500፣ የሶኒ ኤፍኤክስ 6 በኤስሎግ 3 (ሰፊ የብርሃን ልዩነት እንዲይዝ ደብዘዝ ብሎ የሚቀረፅበት የሶኒ አሰራር) ደሞ 800 እና 12800፣ እነሱ ላይ ከአንዱ መነሻ ወደሌላው ስትሄዱ የሴንሰሩ አሰራር በርግጥ ይቀየራል።

መለኪያውን በተመለከተ፣ ሞኒተሩን በአይን አትመኑ። እኔ አንዴ ሰርግ ላይ ፀሀይ ሞኒተሩን አጨልሞብኝ ምስሉ የጨለመ መስሎኝ ሁለት ስቶፕ ከፈትኩ፣ ቤት ገብቼ ሳየው የሙሽሪት ቀሚስ ወረቀት ሆኗል፣ ጥለቱ ብቻውን አየር ላይ ተንሳፏል፣ ሽመናው የለም። ዌቭፎርም፣ ማለትም የምስሉን ብርሃን ከግራ ወደ ቀኝ እንዳለ ከታች ጨለማ ከላይ ነጭ አድርጎ በመቶኛ የሚያሳየውን ግራፍ፣ አብርቼ ቢሆን ባንድ እይታ ይታየኝ ነበር። ኤስሎግ 3 ላይ ግራጫው 41 በመቶ፣ ነጭ ጨርቅ 61 በመቶ ላይ ይቀመጣል፣ ከግራጫ አንድ ስቶፕ የወረደ ፊት ደሞ 32 አካባቢ። ነጠላው ዌቭፎርሙ ላይ ወፍራም ደመና ሆኖ 61 ላይ ተኝቶ ካያችሁት ከላይ ገና ብዙ ቦታ አለ፣ አትደንግጡ። ደመናው ወደላይ ወጥቶ ጫፉ በቢላ የተቆረጠ መስሎ ከተደፈጠጠ ግን አበቃ፣ ኤዲተርም ቀለም የሚያስተካክለው ከለሪስትም አይመልሰውም። ሂስቶግራም፣ ማለትም ስንት ፒክስል ጨለማ ስንት ብሩህ እንደሆነ የሚቆጥረው ግራፍ፣ የትኛው ፊት የትኛው ሰማይ እንደሆነ ስለማይነግር ብዙም አልወደውም፣ ከተወሰነ ብርሃን በላይ ያለውን በመስመር የሚያሳየው ዜብራ ግን ለፈጣን ስራ ጥሩ ነው።

ፎልስ ከለር ምስሉን በብርሃን መጠን ቀለም ይቀባዋል። በአሪው አረንጓዴ ግራጫው ነው፣ ሮዝ ከሱ አንድ ስቶፕ ከፍ ያለ፣ ቀይ የተቃጠለ፣ ወይንጠጅ ሞቶ የጠቆረ። ታድያ "ፊቱን ሮዝ ላይ አድርገው" የሚለው ምክር ለፈረንጅ ቆዳ የወጣ ነው። ጠይም ሰው ሮዝ እስኪሆን ከከፈታችሁ ጠይምነቱ ይጠፋል፣ ነጠላውም አብሮ ሽቅብ ይሄዳል። የኛን ፊት አረንጓዴ ወይ ከሱ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይሻላል፣ ከዛ ከጎን ነጭ ሪፍሌክተር ይዞ ፊቱን ብቻ ማንሳት። በነገራችን ላይ ችግሩ አዲስ አይደለም፣ የኮዳክ ማተሚያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉበት "ሺርሊ" የሚባለው ካርድ ለረጅም ጊዜ የነጭ ሴት ፎቶ ነበር።

የእጅ ላይት ሜትር ግን ቆዳ አይመርጥም። ነጯን ጉልላት ፊቱ አጠገብ ይዛችሁ ወደ ካሜራው ስታዞሯት የሚያርፈውን ብርሃን ነው የምትለካው፣ ሰውየው ጥቁርም ይሁን ቀይ፣ ነጠላም ይልበስ ካፖርት፣ ቁጥሩ አንድ ነው። ስፖት ሜትር ግን ተመልሶ የመጣውን ስለሚያነብ ነጠላው ላይ ብታነጣጥሩት ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል። የ18 በመቶ ግራጫ ካርድ ከሌላችሁ በስፖት ሜትሩ መዳፋችሁን ለኩ፣ ፊት የፈለገውን ያህል ቢለያይ የሰው መዳፍ ብዙም አይለያይም፣ ከግራጫው አንድ ስቶፕ ያህል ነው የሚበልጠው። መዳፉን ሰውየው የቆመበት ብርሃን ውስጥ አስገብታችሁ አንብቡና አንድ ስቶፕ ክፈቱ።