የምድጃ ፍርግርግ ለምን ቶሎ ይበላል? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አንድ የዳቦ ቤት ባለቤት ፍርግርጋቸውን ሁለት ልጆች አሸክመው ወደ ብየዳ ቤታችን መጡ። ፍርግርግ የምለው በምድጃው ሆድ ውስጥ እንጨቱ ወይም ከሰሉ የሚያርፍበትን፣ አመዱን ወደ ታች የሚያሾልከውን የብረት ወለል ነው። የጋሼ ፍርግርግ በባለ 16 ፌሮ፣ ማለትም 16 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ክብ የብረት ዘንግ የተሠራ ነው። ዙሪያው በአንግላሬ (በኤል ቅርጽ በታጠፈ ብረት) ታጥሮ፣ የእያንዳንዱ ፌሮ ሁለቱም ጫፍ ጥብቅ ተደርጎ ተበይዷል። ሲሠራ ቀጥ ያለ ነበር። ሲመጣ ግን መሃሉ እንደ በቅሎ ኮርቻ ሰርጉዷል። በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ብረቱ በእሳት ዝጎ ያበቀለው ቅርፊት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ።

"ዓመት እንኳ አልሞላውም። ብረቱ ቀጭን ስለሆነ ነው። አሁን በ24 ሥራልኝ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ መጀመሪያ ምድጃውን ልየው" አልኳቸው።

ሄጄ አየሁት። የአመድ ማጠራቀሚያው ጢም ብሎ ሞልቶ ፍርግርጉ የነበረበት ድረስ ደርሷል። አመዱን በዘንግ ገለጥ ሳደርገው ውስጡ ፍም አለ። ብረቱ ከላይም ከታችም ሲጠበስ ነው የከረመው። በ24 ብሠራላቸውም ያው ነበር የሚሆነው።

የእሳቸው ሐሳብ የብዙ ሰው ሐሳብ ነው። ብየዳ ቤት ውስጥም እንሰማዋለን፤ እኛ ራሳችንም ስንለው ኖረናል። ስለዚህ አንድ በአንድ ላንሣው።

"ብረቱ ከወፈረ ይቆያል"

ከፊሉ እውነት ነው። ወፍራም ብረት ተበልቶ እስኪያልቅ ጊዜ ይወስዳል። ግን ፍርግርግን በሕይወት የሚያቆየው ከሥሩ የሚገባው ቀዝቃዛ አየር ነው። እሳቱ አየር ሲስብ፣ አየሩ በብረቶቹ መካከል ሽቅብ ያልፋል። ሲያልፍ የብረቱን ጎን እየዳሰሰ ሙቀቱን ይወስድለታል። የወሰደው ሙቀትም ተመልሶ እሳቱ ውስጥ ስለሚገባ አይባክንም።

እንግዲህ አየሩ የሚዳስሰው ጎን ሰፊ መሆን አለበት። ለዚህ ብረቱ ወደ ጎን ከሚወፍር ወደ ታች ቢረዝም ይሻላል። ባለ 24 ፌሮን 10 ሚሊሜትር ውፍረትና 50 ሚሊሜትር ስፋት ካለው ጠፍጣፋ ብረት ጋር እናወዳድር። ጠፍጣፋው በጠርዙ ይቁም። ፌሮው በሜትር 3.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ጠፍጣፋው 3.9 ኪሎ። የብረት መጠናቸው ተቀራራቢ ነው። መጉበጥን በመቋቋም ግን የቆመው ጠፍጣፋ ከፌሮው ስድስት እጥፍ ያህል ይበልጣል። አናቱ እሳት ሲነካው እግሩ አየር ውስጥ ተነክሮ ይቀዘቅዛል። ክቡ ፌሮ ግን እግር የለውም፤ ሁሉ ነገሩ እሳቱ አጠገብ ነው።

ድሮ ለትልልቅ የእንፋሎት ማሞቂያዎች (ቦይለሮች) ከቀለጠ ብረት በቅርጽ ማውጫ ፈስሰው ይሠሩ የነበሩ የፍርግርግ ዘንጎችን ብታዩ ይህ ዕውቀት ቅርጻቸው ላይ አለ። አናታቸው ሰፊ ነው፤ ወደ ታች እየጠበቡ ይሄዳሉ። በዚህ ምክንያት በመካከላቸው ያለው ክፍተት ወደ ታች እየሰፋ ይሄዳል። ከላይ የሾለከ የአመድ ጓል መሃል ላይ አይሰነቀርም፤ ይወድቃል። ደግሞ የዘንጉ ሆድ ከጫፎቹ ይልቅ ወደ ታች ረዘም ይላል። ምክንያቱም ክብደቱም ሙቀቱም የሚበረታው መሃሉ ላይ ነው። እኔ ይህን ቅርጽ ባየሁ ቁጥር ያስቡትን ሰዎች አደንቃለሁ።

"ጫፍና ጫፉ ጥብቅ ተደርጎ ከተበየደ አይነቃነቅም፤ ይጠነክራል"

የጋሼን ፍርግርግ ኮርቻ ያደረገው አንዱ ይህ ነው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። 60 ሴንቲሜትር ፌሮ 600 ዲግሪ ቢደርስ 5 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል። ዙሪያውን የያዘው አንግላሬ ግን ግድግዳው ውስጥ ተደብቆ ቀዝቀዝ ብሎ ተቀምጧል። አይረዝምለትም። ፌሮው መሄጃ ሲያጣ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ይጎብጣል። ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይኮማተራል፤ ብየዳውን ይጎትታል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ወይ ብየዳው ይሰነጠቃል፣ ወይ ብረቱ እንደጎበጠ ይቀራል።

መፍትሔው ቀላልና ርካሽ ነው። ከፊትና ከኋላ ሁለት ተሸካሚ አንግላሬ ግድግዳው ውስጥ ይገንቡ። ዘንጎቹን ሳትበይዱ ላያቸው ላይ ደርድሯቸው። ለ60 ሴንቲሜትር ዘንግ ጫፉ ላይ 1 ሴንቲሜትር ባዶ ቦታ ተዉ። ርቀታቸውን ለመጠበቅ እያንዳንዱ ዘንግ ጎን ላይ ትንሽ የብረት ቁራጭ በይዱ፤ ወይም ተሸካሚውን እንደ መጋዝ ጥርስ ክፈቱት። በቃ።

የእንፋሎት ባቡሮች እሳት ማንደጃ ውስጥም ነጠላ ዘንጎች ተራ በተራ እየተነሡ ይለወጡ ነበር። ዛሬም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ረጲ እንደተመረቀው ያለ፣ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። እንዲህ ባለ ጣቢያ ውስጥ ፍርግርጉ ተንቀሳቃሽ ነው። ዘንጎቹ እንደ ጣሪያ ክዳን አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበው ቆሻሻውን እየገፉ ያገላብጡታል፤ አየርም ከሥራቸው በማራገቢያ ይነፋል። መጠኑ ይለያያል እንጂ የዳቦ ቤቱም የጣቢያውም ፍርግርግ የሚፈልጉት አንድ ነው፦ መተንፈስና መላወስ።

"ፍርግርጉ ላይ አመድ መቅረት የለበትም"

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው የላዩንና የታቹን አመድ ስለሚያምታታ ነው። ከፍርግርጉ በላይ ያለ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር አመድ ወዳጅ ነው። ፍሙ ብረቱን በቀጥታ እንዳይነካው እንደ ፍራሽ ሆኖ ይለየዋል። ሙልጭ አድርጎ የተጠረገ ፍርግርግ ላይ የነደደ ፍም መዘርገፍ ብረቱን ራቁቱን እሳት ላይ መጣል ነው።

ከፍርግርጉ በታች ያለው አመድ ግን ጠላት ነው። ሲከመር አየሩን ይዘጋል፤ ማቀዝቀዣው ይጠፋል። አብሮት የወደቀው ፍም ደግሞ ብረቱን ከሥር ያግለዋል። ብዙዎች በየቀኑ የሚደክሙት የላዩን በመጥረግ ነው። የታቹን የሚያስታውሱት ጭስ ሲበዛባቸው ነው። ድካሙ ይገልበጥ።

"ውሃ ረጨት አድርጎ ማቀዝቀዝ ብረቱን ያድነዋል"

አያድነውም። ካስት አይረን፣ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ የሚፈስሰው፣ ብየዳ ቤት ጊዛ የምንለው ብረት፣ ጋል ብሎ ሳለ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል። የሸክላ ወንፊትም (ባለ ቀዳዳ የሸክላ ፍርግርግ) እንዲሁ። ፌሮ ላይሰነጠቅ ይችላል፤ ግን የዛገው ቅርፊት በድንገት ይራገፍና ከሥሩ ያለው ያልዛገ ብረት ለእሳት ይጋለጣል። ነገ አዲስ ቅርፊት ያበቅላል። በየቀኑ ውሃ የሚረጭ ሰው ፍርግርጉን በየቀኑ እየላጠው ነው።

ውሃን በብልሃት መጠቀም ግን አለ። የድሮ የእንፋሎት ማሞቂያ ሠራተኞች ከፍርግርጉ በታች አመድ የሚወድቅበት ጉድጓድ ውስጥ ጥቂት ውሃ ያስቀምጡ ነበር። የወደቀው ፍም እዚያው ይጠፋል። ውሃው ሲተንን እንፋሎቱ በብረቶቹ መካከል ሽቅብ ሄዶ ያቀዘቅዛቸዋል፤ አመዱም ቀልጦ እንዳይረጋ ይረዳል። ብረቱን ራሱን ግን ውሃ አይነካውም።

"ካልቀለጠ አልተጎዳም"

ብረት የሚቀልጠው ወደ 1,500 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ጊዛ 1,150 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይጀምራል። ስለዚህ ሰዎች "የእኔ ምድጃ እዚያ አይደርስም" ብለው ይረጋጋሉ። ጉዳቱ የሚጀምረው ግን ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ ነው። ተራ ብረት 600 ዲግሪ ላይ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 700 ላይ ሩብ ያህሉ ብቻ ይቀረዋል። ከ550 ዲግሪ በላይ ቅርፊት ማብቀሉም ይፈጥናል። በዓይን ለማወቅ ቀላል ነው፦ ጨለማ ውስጥ ብረቱ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሆኖ ከታየ የአደጋው ክልል ውስጥ ገብቷል።

ጊዛ ሌላ ጠባይ አለው። ቅርፊት ቶሎ ባለማብቀል ከፌሮ ይሻላል፤ በቀላሉም አይጎብጥም። ግን ለረጅም ጊዜ ከ500 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ውስጡ ያለው ካርቦን እየተለየ ይወጣና ብረቱ ያብጣል። አዎ፣ ይፋፋል። አየርም በውስጡ ባሉት የካርቦን ቅጠሎች ጠርዝ ሰርጎ ይገባል። ከጊዜ በኋላ ላዩ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። ለዚህ ነው ለከባድ ሥራ የሚሠሩ የጊዛ ዘንጎች ክሮሚየም የሚጨመርባቸው። "ጊዛ ይሰበራል፤ ፌሮ ይሻላል" የሚሉ አሉ። መዶሻ ካላረፈበትና ውሃ ካልነካው ለቋሚ ምድጃ ጊዛ ይሻላል።

ማቃጠያውም ብረት ይበላል። የቡና ገለባ አመድ ፖታሲየም ስለሚበዛበት በዝቅተኛ ሙቀት ይቀልጥና ፍርግርጉ ላይ እንደ ጠርሙስ ይጣበቃል። አፈርና አሸዋ የተቀላቀለበት ከሰልም እንዲሁ። የፒቪሲ ቱቦ ቁራጭና የኤሌክትሪክ ገመድ ልባስ ደግሞ ክሎሪን አለው፤ ብረትን ክፉኛ ይበላል፣ ጭሱም ለሰው መርዝ ነው። እሳት ለማያያዝ እንኳ አትጠቀሙበት።

"ስቴንለስ ከሆነ ምንም አይሆንም"

ስቴንለስ አንድ ነገር አይደለም። ገበያ ላይ የምናገኘው 304 የሚባለው 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየም አለው፤ ቅርፊት ቶሎ ባለማብቀል ከፌሮ እጅግ ይሻላል። ለእቶን የሚሆነው 310 ግን 25 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 20 በመቶ ገደማ ኒኬል ይዞ 1,000 ዲግሪም ይችላል። ዋጋውም እንደዚያው ነው። ማንም የማይነግራችሁ ደግሞ 304 ሲሞቅ ከተራ ብረት አንድ ተኩል ጊዜ ያህል መርዘሙ ነው። ሙቀትም በቶሎ አያሳልፍም። ጥብቅ አድርጋችሁ ከበየዳችሁት ከፌሮው የባሰ ይጣመማል። ብዙ ብር ወጥቶበት ሲጣመም ማየት ያሳዝናል።

"ማግኔት ከያዘው ስቴንለስ አይደለም" የሚባለውም ስህተት ነው። 430 የሚባለው ማግኔት ይይዘዋል፤ ስቴንለስ ነው፤ መርዘሙም ከ304 ያነሰ ነው።

"ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር እሳቱ ይበረታል"

ከልክ ሲያልፍ የሚበረታው ብክነቱ ነው። ያልነደደ ከሰል ይወድቃል፤ የወደቀው ደግሞ ከታች ሆኖ ብረቱን ያግላል። እኔ ለከሰል ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር፣ ለእንጨት እስከ 15 እተዋለሁ። እሳቱ ከደከመ ፍርግርጉን ከማስፋታችሁ በፊት የአመድ በሩንና ጭስ ማውጫውን እዩ።

"የሸክላ ወንፊት የብረት ምትክ ነው እንጂ ዕቃ አይደለም"

ላቀች የሚባለውን የከሰል ምድጃ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ውጩ ቆርቆሮ፣ ውስጡ ባለ ቀዳዳ ሸክላ ነው። ሸክላ አይዝግም፤ ሙቀቱንም ወደ ጎን አያባክንም። ጠላቱ ድንገተኛ ነገር ነው፦ ውሃ፣ በብረት መጎርጎር፣ አዲሱን በመጀመሪያው ቀን በኃይለኛ እሳት መፈተን። ጀበና የሚጣድበት ምድጃ ላይ ቀስ ብሎ ከተለማመደ ረጅም ጊዜ ያገለግላል።

"ጋልቫናይዝድ ቱቦ ስለማይዝግ ለፍርግርግ ጥሩ ነው"

ይህንን እባካችሁ ተዉት። ላዩ ላይ ያለው ዚንክ 419 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ 907 ላይ ይፈላል። ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። የተነፈሰው ሰው ከጥቂት ሰዓት በኋላ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ወባ የያዘው ይመስለዋል። ብየዳ ቤት ውስጥ እኛ እናውቀዋለን። በዚያ ላይ ዚንኩ ከለቀቀ በኋላ የሚቀረው ስስ ቱቦ ነው፤ ፈጥኖ ይበላል።

ለጋሼ በመጨረሻ 10 በ50 ጠፍጣፋ ብረት ቆራርጬ፣ ሳልበይድ ደረደርኩላቸው። ፍርግርጉንም ከአመድ ማጠራቀሚያው ወለል አንድ ክንድ ያህል ከፍ አደረግነው። ከስስ ላሜራ የተሠራ የአመድ መሳቢያ ጨመርንበት፤ ልጆቹ ጠዋት እሳት ሳይለኩሱ ጎትተው ይደፉታል። ባለፈው ሳምንት ዳቦ ልገዛ ገብቼ ጎንበስ ብዬ አየሁት። መሃል ላይ ያሉት ሁለት ዘንጎች አናታቸው ትንሽ ቅርፊት አብቅሏል። ጋሼ አስቀድመው አይተውታል። "እነዚህን እሑድ ምድጃው ሲቀዘቅዝ ከዳር ካሉት ጋር አቀያይራቸዋለሁ፤ ለዚህ አንተን አልጠራም" አሉኝ።