በዝሆን ጥርስ የተለበጡት የቪዛጋፓታም ቁም ሳጥኖች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቪዛጋፓታም በሕንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ የምትገኝ፣ ዛሬ ቪሻካፓትናም የምትባል የወደብ ከተማ ናት። በ18ኛው መቶ ዘመን በዚያ የተሠሩት ባለመሳቢያ ቁም ሳጥኖች ዛሬ በሙዚየሞች ይታያሉ፤ ስለ እነርሱ የሚነገረው ሁሉ ግን ትክክል አይደለም።

«ሙሉ በሙሉ ዝሆን ጥርስ ናቸው።»
አይደሉም። አካላቸው እንደ ሰንደልና ቲክ ካለ እንጨት የተሠራ ሲሆን፣ ዝሆን ጥርሱ በስሱ ተሰንጥቆ በላዩ ተለብጧል። በቀደሙት ሥራዎችማ ልባጡም አልነበረም፤ ጠቆር ያለው እንጨት እየተቦረቦረ የጥርስ ቁራጭ ይገጠምበት ነበር።

«በዝሆን ጥርሱ ላይ የሚታየው ጥቁር ሥዕል በቀለም የተሳለ ነው።»
ባለሙያው በመጀመሪያ ሥዕሉን በስለታም መሣሪያ ዝሆን ጥርሱ ላይ ይጭራል፤ ቀጥሎም በዛፍ ላይ የሚኖሩ ነፍሳት ከሚያመነጩት ላክ የተባለ ሙጫ የተዘጋጀውን ጥቁር ቅባት ጭረቱ ውስጥ ያሽና ትርፉን ከላይ ይጠርገዋል። ቀረብ ብሎ ለሚያይ ሰው መስመሩ ሰርጎ የገባ መሆኑ ይታወቃል፤ ላኩ በረገፈበት ቦታም ባዶ ጭረት ይቀራል። ላክ በአልኮል ስለሚሟሟ፣ እንዲህ ያለውን ዕቃ አልኮል ባለበት ፈሳሽ መወልወል ሥዕሉን እንደ መፋቅ ይቆጠራል።

«የጥንት የሕንድ ነገሥታት ዕቃ ነበሩ።»
ይህ ከሁሉም የሚብሰው ስሕተት ይመስለኛል። ዕቃዎቹን በዋነኛነት ያሠሩት የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሹማምንትና ነጋዴዎች ነበሩ፤ ታጣፊ የመጻፊያ ገበታ ያለው ቅርጽም የእንግሊዝ ነው። በኋለኞቹ ሥራዎች ላይ የሚታዩት ሕንጻዎች ብዙውን ጊዜ ከአውሮፓ የኅትመት ሥዕሎች የተቀዱ ሲሆኑ፣ ዙሪያቸውን የሚያጅበው የአበባ ሐረግ ግን የዚያው ጠረፍ ሸማኔዎችና ቀለም ነካሪዎች ለጥጥ ጨርቅ ይጠቀሙበት የነበረውን ጌጥ ያስታውሳል። ስለዚህ የአውሮፓ ቅጂ ብቻ ነው የሚለውም ሠሪዎቹን ሕንዳውያን ይበድላል።

«ከሕንድ የመጣ ሁሉ አንድ ነው።»
በጎዋ ለፖርቱጋሎች የተሠሩት፣ እንዲሁም በጉጅራት በሚያንጸባርቅ የባሕር ዛጎል የተሸፈኑት ሣጥኖች ቀደም ያሉና የተለየ እጅ ያለባቸው ናቸው።

«አሮጌ ከሆነ በነፃነት ይሸጣል።»
ለምሳሌ በብሪታንያ ከሰኔ 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ፣ ዝሆን ጥርስ ያለበትን ዕቃ መሸጥ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ይከለክላል። ከ1918 በፊት ተሠርቶ የላቀ ኪነ ጥበባዊ ዋጋ ያለው ዕቃ የምስክር ወረቀት ሊያገኝ ይችላል፤ ከ1947 በፊት የተሠራና የዝሆን ጥርሱ መጠን ከዕቃው ጠቅላላ ይዘት (ቮልዩም) ከ10 በመቶ በታች የሆነ ዕቃም ተመዝግቦ ይሸጣል። የልባጡ ውፍረት ስንት ሚሊሜትር ነው የሚለው ጥያቄ ለሻጩ ትልቅ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው።