ስለ ዋባናኪዎች የሚነገሩ ስህተቶች እና እውነታው

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ዋባናኪ የአንድ ጎሳ ስም ነው።»
አይደለም። «የንጋት ምድር ሰዎች» ማለት ሲሆን ሚክማክን፣ ማሊሲትን፣ ፓሳማኳዲን፣ ፔኖብስኮትንና አቤናኪን በአንድነት ይጠራል። አገራቸው የዛሬው የአሜሪካ ሜይንና የካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ ነው።

«ነጭ መጀመሪያ ያዩት በ1620 የእንግሊዝ ሰፋሪዎችን የጫነችው መርከብ ሜይፍላወር ስትደርስ ነው።»
ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ለፈረንሳይ የሚጓዘው ጣሊያናዊ አሳሽ ቬራዛኖ በ1524 ወደ ሜይን ሲጠጋ ሰዎቹ ጀልባውን አላስጠጉም፤ ከገደል አፋፍ ሆነው ዕቃውን በገመድ እያወረዱ ነገዱት። የተቀበሉትም ቢላዋ፣ መንጠቆና ስለት ያለው ብረት ብቻ ነበር። ሲለያዩ መቀመጫቸውን ገልጠው አሳዩት፤ እሱም ቦታውን «የክፉ ሰዎች ምድር» አለው። እንግዳን ጨርሶ የማያውቅ ሰው እንዲህ ይጠነቀቃል ማለት ያስቸግራል። በ1602 እንግሊዛዊውን መርከበኛ ጎስኖልድን የተቀበሉት ባስክ በተባሉ አውሮፓውያን ጀልባ ሸራ ዘርግተው ነው። በ1605 እንግሊዛዊው መርከበኛ ዌይማውዝ አምስት ሰዎች አፍኖ ወደ እንግሊዝ ወሰደ። በመጋቢት 1621 የሜይፍላወር ሰፋሪዎች መንደር ወደሆነችው ፕሊመዝ ገብቶ በእንግሊዝኛ ሰላም ያለው ሳሞሴትም የሜይን ሰው ነበር፤ ቋንቋውን የለመደው ከዓሣ አጥማጆች ነው።

«እርሻ አያውቁም ነበር።»
በምሥራቅ በኩል አደንና ዓሣ ማስገር ያመዝናል። ፈረንሳዊው አሳሽ ሻምፕላን ግን በ1605 በሜይን በሳኮ ወንዝ አፍ የበቆሎ ማሳ አይቷል። በአንድ ቦታ ሦስት አራት ፍሬ ይዘራሉ፣ አፈሩን በባሕር ሸርጣን ቅርፊት ይከምሩበታል፣ ቀጣዩን ሦስት ጫማ ያህል አርቀው ይዘራሉ። አብሮ የተዘራው ቦሎቄ በአገዳው ላይ ይጠመጠማል። አረም አይታይበትም ነበር።

«ታንኳቸው የተቦረቦረ ግንድ ነው።»
ስማቸውን ያስጠራው ታንኳ የበርች ዛፍ ልጥ ነው። ነጩ የውጭ ገጽ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ውኃ የሚነካው ቡናማው ነው። መገጣጠሚያው ስፕሩስ በተባለ ጥድ መሰል ዛፍ የተሰነጠቀ ሥር ይሰፋና በስፕሩስ ሙጫ ይደፈናል። ሙጫው ላይ ስብ ካልተጨመረ በብርድ ይሰነጠቃል፤ ስብ ከበዛበት ደግሞ ፀሐይ ላይ ይቀልጣል። ክብደቱ ትንሽ በመሆኑ ከወንዝ ወደ ወንዝ በትከሻ ይሻገራል።

«በጦርነት አልቀው ጠፉ።»
ክፉኛ የጨረሳቸው በሽታ ነው፤ ከ1616 እስከ 1619 የወረደው ወረርሽኝ በጠረፉ መንደሮችን ባዶ አስቀርቷል። የተረፉት ግን ዛሬም አሉ። በ1993 አንድ ሚክማክ ኢል የተባለውን እባብ መሰል ዓሣ 463 ፓውንድ አጥምዶ በመሸጡ ተከሰሰ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999 ሚክማኮች ከእንግሊዝ ጋር የገቧቸው፣ አጥምዶ የመሸጥ መብት የሚሰጡት የ1760 እና የ1761 ውሎች ዛሬም እንደሚሠሩ ወስኖ በነጻ አሰናበተው።