«አታሟርት!»፦ ስለ ድንገተኛ አደጋ የምንሳሳትባቸው ነገሮችና እውነታው

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት፣ ገና ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ መሬት ተንቀጥቅጦ አልጋዬ ተወዛወዘ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በደቂቃ ውስጥ ብሎኩ በሙሉ ደረጃው ላይ ነበር፤ ማን በባዶ እግሩ፣ ማን ጋቢ ለብሶ፣ ማን ሕፃን ታቅፎ፣ አንዱማ ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ። እኔም ሮጫለሁ፣ አልዋሽም። ጠዋት ቡና ላይ ተሰብስበን ስናወራ «ሌላ ጊዜ ቢደገም ምን እናደርጋለን?» ብዬ ጠየቅኩ። አንዲት ጎረቤታችን፣ እናቴ የሚሆኑ ሴት፣ ስኒያቸውን አስቀምጠው «ኧረ አንተ ልጅ አታሟርት!» አሉኝ።

እኒሁ እናት የሁለት ዕድር አባል ናቸው። ለቀብራችን በየወሩ እንከፍላለን፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል። ያ ሟርት አይባልም። እሳት ቢነሳ ልጆቹ በየት ይውጡ ብሎ ማውራት ግን ሟርት ነው። ከዚያ ወዲህ የሰማኋቸውን አንዳንድ አባባሎች ላንሳ።

«እኛ ሀገር ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ የለም»

አለ እንጂ! ስምጥ ሸለቆ ማለት እኮ መሬት ቀስ በቀስ እየተላቀቀች ያለችበት ቦታ ነው። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ አካባቢ (አዲስ አበባ ያለው ሰፈር አይደለም) የተነሳው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷታል። ያን ሌሊት ያነቃን ደግሞ ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ አካባቢ የመጣ ነው፤ ከመሬት በታች የቀለጠ አለት ሲንቀሳቀስ የሚፈጠር። ለእኛ አልጋ አወዛውዞ ሄደ። እዚያው አካባቢ ላሉት ግን መሬቱ ተሰነጠቀ፣ ቤት ፈረሰ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀዬውን ለቀቀ። የካቲት 7 ደግሞ መጠኑ 6 የደረሰ ሌላ ተከተለ።

«ሲንቀጠቀጥ ሮጦ መውጣት ነው»

ያን ሌሊት ሁላችንም ያደረግነው ይህንን ነው፣ ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ግን ስህተት ነው። መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው የሚቆየው። በዚያ ጊዜ ከአራተኛ ፎቅ መሬት አትደርሱም፤ የምትደርሱት ደረጃው መሃል ነው፣ በጨለማ፣ ከኋላ እየተገፋችሁ። ሰው የሚጎዳው በመውደቅ፣ በመረጋገጥና ከላይ በሚወርድ መስታወትና ግድግዳ ነው። ባላችሁበት ዝቅ በሉ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፣ እግሩን ያዙ። አልጋ ላይ ከሆናችሁ እዚያው ሆናችሁ ጭንቅላታችሁን በትራስ ሸፍኑ። መንቀጥቀጡ ሲያቆም ውረዱ፣ በሊፍት ግን አይደለም። የበሩ መቃን ሥር መቆም የሚባለውም ድሮ ቀርቷል።

አንድ ነገር ግን አልደብቅም። የምትኖሩት ምድር ላይ፣ ድንጋይ ወይም ጭቃ ቤት ውስጥ ከሆነና በሩ ሁለት እርምጃ ላይ ከሆነ፣ መውጣቱ ይሻላል። እንዲህ ያለ ቤት ቶሎ ይናዳል። ስለዚህ ቤታችሁን እዩና ዛሬውኑ ወስኑ። ሌሊት ተነስቶ ማሰብ አይቻልም፣ ሞክሬዋለሁ። ቁም ሳጥኑንና ቡፌውንም በብሎን ከግድግዳ ጋር እሰሩት። አልጋ ራስጌ ላይ የሰቀላችሁትን ትልቅ የሠርግ ፎቶ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሳሎን ውሰዱት።

«ትልቁ ዛሬ ሌሊት በ9 ሰዓት ይመጣል ተብሏል»

በዚያ ሰሞን ቴሌግራሙ ሁሉ ይህ ነበር። ርዕደ መሬት በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚመጣ መተንበይ የሚችል ሰው በዓለም ላይ የለም። ሰዓት ቆርጦ የሚነግራችሁ ሰው ካለ ዝም ብላችሁ ተኙ።

«እዚህ ካልዘነበ ጎርፍ አይመጣም»

ድሬዳዋን ጠይቁ። ደቻቱ የሚባለው ወንዟ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገረዋል፣ ይነግድበታል። በሐምሌ 1998 ማብቂያ ላይ ግን ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ሌሊት ከተኛ ሕዝብ ላይ ወረደ፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ወንዝ ዳር ከሆናችሁ የምታዩት ከራሳችሁ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ አይሁን፣ ተራራው ላይ ጠቁሯል ወይ የሚለውንም እዩ። ውሃው ድንገት ሲደፈርስ፣ ቅጠልና እንጨት ሲያመጣ፣ ከላይ ጉምጉምታ ሲሰማ ዕቃ ለመሰብሰብ አትዘግዩ፤ ልጆቹን ይዛችሁ ወደ ከፍታ ውጡ።

«መኪናዬ ከባድ ነው፣ አይወስደኝም» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። በፍጥነት የሚሄድ 30 ሳንቲ ሜትር ውሃ ትንንሽ መኪናን ያንሳፍፋል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ሰውን ለመጣል 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል፣ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ያለ ማለት ነው። ክረምት ላይ በአዲስ አበባ ጎርፍ መሃል ደግሞ ክዳኑ የተነሳ ማንሆል ሊኖር ይችላል።

«ኡኡታ ሲሰማ ሁሉም ሮጦ ይድረስ»

ይህን መጻፍ ይከብዳል፣ ምክንያቱም የምንኮራበት ባህላችን ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ላይ መሬት ተንዶ ሰዎችን ቀበረ። ጎረቤት በእጁና በዶማ ሊያወጣቸው ተሰበሰበ። ሁለተኛው ናዳ በተሰበሰበው ሰው ላይ ወረደ። በጠቅላላው ከ200 በላይ ሰው አለቀ፣ ብዙዎቹ ለመርዳት የመጡ ነበሩ። እርዱ፣ ግን ተራ በተራ፣ በጥቂት ሰው፣ አንድ ሰው ወደ ላይ ተዳፋቱን እያየ እንዲጮህ አቁማችሁ። መሬቱ አዲስ ስንጥቅ ካሳየ፣ ዛፎች ካዘነበሉ፣ ሁሉም ይውጣ። ሴቶችና ልጆች ቆመው የሚያለቅሱበት ቦታም ከናዳው መስመር ውጭ ይሁን።

«ከሰሉ ከቀላ አይጎዳም»

መብራት ሲጠፋ፣ ሲበርድ፣ ከሰል ወደ ቤት ይገባል። ጭሱ ስላለቀ መርዙ ያለቀ ይመስለናል። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ የቀላው ፍምም ያመነጨዋል። በር ዘግቶ ምድጃ አጠገብ የተኛ ቤተሰብ ሳይነቃ ይቀራል። ቤት ያለው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ራሱን ካመመውና ካጥወለወለው ጉንፋን ነው አትበሉ፣ በሩን ከፍታችሁ ውጡ። ጀነሬተርም ያው ነው፣ ቦታው ውጭ ነው።

«እሳት በውሃ ነው የሚጠፋው»

የተቀጣጠለ ዘይት ላይ ውሃ ከደፋችሁ እሳቱ ኮርኒስ ይደርሳል። ምድጃውን አጥፉ፣ ድስቱን ክደኑት፣ አታንሱት። የጋዝ ሽታ ሲሸታችሁ ደግሞ መብራት አታብሩም አታጥፉም፤ ሲሊንደሩን ዘግታችሁ መስኮት ክፈቱ።

«ዝግጅት የሀብታም ነው»

ይሄኛው ያስቀኛል። የፈረንጅ ቆርቆሮ ምግብ ያየ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። በሶ ምንድነው ታዲያ? ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ጭኮ፣ ቆሎ? አያቶቻችን ለዘመቻና ለረጅም መንገድ የሚይዙት ስንቅ እኮ ነው፤ ብዙው እሳት አይፈልግም፣ ቶሎ አይበላሽም። ውሃ ደግሞ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ብላችሁ ያዙ። ለአምስት ሰው ለሦስት ቀን 60 ሊትር፣ ባለ 20 ሦስት ጀሪካን ማለት ነው። በፈረቃ ውሃ የምንኖር ሰዎች ይህ አዲስ አይሆንብንም፤ አንዱን ጀሪካን ዘግቶ አለመንካት ነው የሚከብደው። ውሃው ከተጠራጠራችሁት አፍሉት፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ለአንድ ሳይሆን ለሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። የፈሳሽ ክሎሪን ከሆነ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩ።

በዚያ ላይ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ የእማማ የደም ግፊት መድኃኒት፣ የልጆቹ የልደት ካርድና የቤት ካርታ ኮፒ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ጥቂት ዝርዝር ብር። ባንኩ ሲስተም የለም ሲላችሁ የምታውቁት ነው።

«ስልክ አለ አይደል?»

ሁሉም እኩል ሲደውል ኔትወርኩ ይጨናነቃል። አጭር የጽሑፍ መልእክት ከጥሪ ይልቅ የማለፍ ዕድል አለው። ከከተማ ውጭ ያለ አንድ ዘመድ ምረጡ፤ ሁሉም ለእሱ «ደህና ነኝ» ብሎ ይጻፍ። ልጆቹ ቁጥሩን በቃል ይያዙት። አዲስ አበባ ላይ ለእሳትና ለአደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በሩ ጀርባ ለጥፉት።

በመጨረሻ ጉዳዩን ወደ ዕድራችን ስብሰባ ወሰድኩት። የጠየቅኩት ትንሽ ነገር ነው፦ መሰላልና የእሳት ማጥፊያ ከድንኳኑ ጋር ይቀመጥ፣ በየፎቁ ደረጃ መውረድ የማይችሉ ሰዎችና ማን እንደሚያወርዳቸው ይመዝገብ። ጥቂት ተጉረመረመ፣ ጸሐፊው ግን መዝገቡን ገለጠ። ያቺ «አታሟርት» ያሉኝ እናት ከኋላ ወንበር እጃቸውን አወጡ።

«እኔን አስቀድመህ ጻፍ» አሉ። «ያን ሌሊት ልጄ በጀርባው ነው ያወረደኝ፤ አሁን ደግሞ አረብ አገር ሄዷል።»