የሜዳ ቴኒስ ራኬት በድሬዳዋ፦ አመራረጥና አያያዝ

የአዋቂ ራኬት በደንቡ ከ73.7 ሴንቲ ሜትር መርዘም የለበትም፤ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው 68.5 ነው። እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአብዛኛው እንጨት ነበር፣ በ1980ዎቹ ግራፋይት (ቀላልና ጠንካራ የካርቦን ቃጫ) ተካው። ይህ ዳሰሳ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ለሚጫወት የድሬ ሰው የተሰናዳ ነው። የድሬ ሙቀትና ከፍታ በራኬቱም በኳሱም ላይ ስለሚሠሩ፣ ከሌላ ሀገር የመጣ ቁጥር እንዳለ አይወሰድም።

ለመደበኛ ተጫዋች ክር ሳይወጠርበት ከ285 እስከ 305 ግራም የሚመዝን፣ የፊቱ ስፋት ከ630 እስከ 645 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሆነ ራኬት ይበቃዋል። 16 ቋሚና 19 አግዳሚ ክር ያለው ለኳስ ማሽከርከር ይመቻል፤ 18 በ20 የሆነው ለቁጥጥር። የእጀታው ውፍረት የሚለካው በመጨበጥ ነው፦ በጣት ጫፍና በመዳፍ መካከል የሌላው እጅ ጠቋሚ ጣት ከገባ ልክ ነው። ከተጠራጠሩ ቀጭኑን ይውሰዱ፤ ግሪፕ (እጀታው ላይ የሚጠቀለል ጥብጣብ) በመጠቅለል ይወፍራል፣ ወፍራሙን ማቅጠን ግን ከባድ ነው።

ያገለገለ ራኬት ሲገዛ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ መጣመሙ ይታያል። ቀለም ብቻ የተጫረበትና ፍሬሙ የተሰነጠቀበት ይለያያሉ፤ ስንጥቁ ላይ ጥፍር ሲሄድ የሚይዝ ከሆነ፣ ወይም ፍሬሙ ሲጨበጥ የሚንቋቋ ከሆነ ይተው። ክሩ የሚያልፍባቸው የፕላስቲክ ቀለበቶች ከተሰበሩ የግራፋይቱ ስለት አዲስ ክር በቀናት ውስጥ ይቆርጣል፤ ከክሩ በፊት እነሱ ይቀየሩ።

ዋናው ነገር ክሩ ነው። አንድ ራኬት 12 ሜትር ገደማ ክር ይፈጃል፣ ውፍረቱም በተለምዶ ከ1.25 እስከ 1.30 ሚሊ ሜትር ነው። ናይለን ለክንድ ይለሰልሳል፤ ፖሊስተር ለመበጠስ ይከብዳል እንጂ ቶሎ ይሞታል፦ ሳይበጠስ ከ15 እስከ 20 ሰዓት ጨዋታ በኋላ መንጠሩን ያጣል፣ የክንድ መታጠፊያ ሕመም ላለባቸውም ሕመሙን ያባብሳል። ቀድሞ የክራር ጅማት ከሚሠራበት ከእንስሳት አንጀት የሚሠራው ክር ከሁሉም ይበልጣል የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ በዋጋው ግን ለዘወትር ተጫዋች አይመከርም። እርጥበት ስለሚጠላ ደረቁ የድሬ አየር ይስማማዋል።

ውጥረቱ ለናይለን ከ23 እስከ 26 ኪሎ፣ ለፖሊስተር ከ21 እስከ 24 ነው። ሙቀት ክሩን ያላላል፣ የኳሱን የውስጥ ግፊትም ይጨምራል፤ ሁለቱ ተደምረው ኳሷን ከመስመር ያሳልፏታል። ስለዚህ ከግንቦት እስከ ሰኔ ከለመዱት በግማሽ ወይም በአንድ ኪሎ አጥብቆ ማስወጠር ይበጃል። የአንድ ዓመት ክር የመቀየር ብዛት በሳምንት የሚጫወቱበትን ቀን ያህል ይሁን የሚለው ልማድ ለናይለን ይሠራል፣ ለፖሊስተር ያንሳል። ቋሚዎቹ ከመሃል ተጀምረው ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ ካልተወጠሩ ፍሬሙ በአንድ በኩል ተጎትቶ ይጣመማል። ጨዋታ ላይ አንድ ክር ሲበጠስ የቀሩትም ወዲያው ከመሃል ወደ ዳር ይቆረጡ፤ እኩል ያልሆነ ውጥረት ፍሬም ይሰብራል።

ራኬት በቆመ መኪና ውስጥ ወይም ከባጃጅ ኋላ ለፀሐይ ተጋልጦ አይቀመጥ፤ ክሩ ይላላል፣ የግሪፑም ማጣበቂያ ይቀልጣል። የድሬ አሸዋና አቧራ ክሮቹ በሚፋተጉበት ቦታ እንደ ሞረድ ስለሚፍቅ፣ ከጨዋታ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ። የእጀታው ላይ ግሪፕ በላብ ሲያንሸራትት ይቀየር፤ ከእጀታው ግርጌ ተጀምሮ በየዙሩ 3 ሚሊ ሜትር እየተደራረበ፣ በቀስታ እየተሳበ ይጠቀለላል።

ኳሱም ይታሰብበት። የዓለም አቀፉ ደንብ ከ1,219 ሜትር በላይ ለከፍታ የተሠራ ኳስ ይፈቅዳል፤ ድሬ 1,200 አካባቢ በመሆኗ ድንበሩ ላይ ናት፣ የደንገጎን ዳገት ወጥተው ሐረር ሲደርሱ ግን ከፍታው 1,880 ገደማ ይሆናል። ሳሳ ያለው አየር ኳሷን ስለማይገታት ሐረር ላይ በተለመደው ኳስ የሚጫወት ሰው ከድሬው ሌላ ግማሽ ኪሎ የጠበቀ ሁለተኛ ራኬት ይዞ ይውጣ።